ጥርሱ ታየ፤ አፉስ?

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተንጋሎ አፉን ከፍቷል። የመጣው በግራ በኩል ያለችው የታችኛዋ መንጋጋ ጥርሱ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ስለነሳችው ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰችው ተማሪ መብራቱን አስተካከለች። በመስታወቷ ምላሱን ገፋ አድርጋ የተበላውን ጥርስ አየች፤ በቀጭኗ ብረት ነካ ስታደርገው ሰውየው ትከሻው ተሰበቀ። ራጅ ታዘዘ፣ አስተማሪዋ መጥቶ አየ፣ ጥርሱ እንዲነቀል ተወሰነ። ተማሪዋ በካርዱ ላይ የጥርሱን ቁጥር ጻፈች፤ በራሷ መዝገብ ላይም አንድ ነቀላ ጨመረች። መስታወቱ ገፋ ያደረገው የምላስ ጠርዝ ላይ ግን፣ ከታመመችው ጥርስ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት፣ የምስር ክክ የምታህል ቀይ ቦታ ነበረች። አታምም፣ አትደማም። ሰውየው ስለ እሷ አያውቅም፤ ተማሪዋም አላየቻትም።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። የጥርስ ሕክምና በሚሰጥበትና በሚማሩበት በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም የሥራ ቀን ሊያጋጥም የሚችል ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 ባወጣው ግምት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ዙሪያ 377,713 ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር አዲስ ተይዘዋል፤ በዚሁ ዓመት 177,757 ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአሜሪካ በሚጠናቀረው መረጃ መሠረት፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ከተነሳበት ቦታ ሳይወጣ ከተገኘ ከ10 ታማሚዎች ከ8 የሚበልጡት አምስት ዓመት ይሻገራሉ። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ በኋላ ሲገኝ ግን የሚሻገሩት ወደ 4 ይወርዳሉ። በዚያው ሀብታም አገር እንኳ በጊዜው የሚገኘው ከሦስት አንድ አይሞላም።

ነገሩ የሚያንገበግበውም እዚህ ላይ ነው። ቆሽት ከሆድ ዕቃ ጀርባ ተሸሽጎ ይታመማል፤ ጉበትም ችግሩን የሚናገረው ብዙ ከተጎዳ በኋላ ነው። አፍ ግን በቀን ስንት ጊዜ የሚከፈት፣ በመብራት የሚታይ፣ በጣት የሚዳሰስ ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ የሚበቅል ነገር ሎሚ እስኪያክል መቆየት አልነበረበትም።

ታዲያ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ስለዚህ በሽታ ምን ያህል ያውቃሉ? ይህ ጥያቄ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከብራዚል እስከ ህንድ፣ ከሳውዲ አረቢያ እስከ ብሪታንያ በየዩኒቨርሲቲው በመጠይቅ ሲቀርብ ቆይቷል። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙ የሚጠቀሰው በስኮትላንዱ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2007 የወጣው ነው፤ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን ጎን ለጎን አድርጎ የጠየቀ በመሆኑ። የጥርስ ሕክምና ተማሪዎቹ የታካሚን አፍ ውስጠኛ ሥጋ የመመርመር ልማዳቸው ከሕክምና ተማሪዎቹ የተሻለ ነበር። ሲጋራ ለአፍ ካንሰር እንደሚያጋልጥ ብዙዎቹ ያውቃሉ፤ አልኮልን ግን በተለይ የሕክምና ተማሪዎቹ ይዘሉታል። ከሁለቱም ወገን ስለ ጉዳዩ የበለጠ መማር የሚፈልጉ ብዙ ነበሩ።

ከአገር አገር ቁጥሩ ይለያይ እንጂ መልኩ ይህንኑ ይመስላል። ትምባሆን ሁሉም ይመልሳል። አልኮል፣ በተለይም ከትምባሆ ጋር ሲጣመር አደጋውን ምን ያህል እንደሚያባዛው፣ ከዚያ ባነሰ ቁጥር ይታወቃል። በሽታው መነሳት የሚወድበትን ቦታ በትክክል የሚያመለክቱት ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። ብዙ ተማሪ የሚስትበት ጥያቄ የቀለም ነው፦ ነጩ ይበልጥ ያስፈራል ወይስ ቀዩ?

የነጩ ስም ሉኮፕላኪያ ነው። ቃሉን የሃንጋሪው የቆዳ ሐኪም ሽቪመር በ1877 ካስተዋወቀው ወዲህ በየመማሪያ መጽሐፉ በትልቅ ፎቶግራፍ ታትሞ ኖሯል። በጎዝ ሲጠርጉት የማይለቅ፣ ሌላ ስም የማይሰጡት ነጭ ንጣፍ። ተማሪ አንዴ ካየው አይረሳውም። ቀዩ ኤሪትሮፕላኪያ ይባላል፤ በፎቶ አያምርም፣ ከጤነኛው የአፍ ቀለም ብዙም ስለማይርቅ ለዓይን ይሾልካል፤ የጉሮሮ መቅላት ወይም ትኩስ ሻይ ያቃጠለው ይመስላል። አሜሪካውያኑ የአፍ በሽታ ተመራማሪዎች ዋልድሮንና ሼፈር በ1975 ሁለቱንም በማይክሮስኮፕ አይተው ነበር። ከመረመሯቸው 3,256 ነጭ ንጣፎች ውስጥ ወደ 80 በመቶ የሚጠጉት ወደ ካንሰር የሚያመራ የሕዋስ ለውጥ ያልታየባቸው ናቸው፤ ካንሰር ሆነው የተገኙት 3 በመቶ ያህል ብቻ። የቀዩ ውጤት ተገላቢጦሽ ነው። 51 በመቶው ሥር የሰደደ ካንሰር፣ 40 በመቶው ደግሞ ለካንሰር አንድ ደረጃ የቀረው ከባድ ለውጥ ነበረበት። የቀረው 9 በመቶም ቢሆን ንጹህ አልነበረም፤ ቀለል ያለ ለውጥ ተገኝቶበታል።

ይህን ቁጥር ፈተና ላይ ጽፎ ሙሉ ማርክ የሚያገኝ ተማሪ አለ። ያው ተማሪ በማግስቱ ክሊኒክ ገብቶ ቀዩን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። መጠይቅ የሚለካው ማወቁን ነው፤ ታካሚን የሚያድነው ግን ማየቱ ነው። በየአገሩ "የተማሪዎች ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው" ወይም "መካከለኛ ነው" እየተባለ የሚደመደመው ሁሉ ይህን ልዩነት ሳይነካ ያልፋል። ጉድለቱ ያለው እውቀቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ዓይንና እጅ ምን እንዲያደርጉ እንደሠለጠኑ ላይ ነው።

የጥርስ ሕክምና ተማሪ ጊዜውን የሚያዋቅረው በሪኳየርመንት ነው። ይህን ያህል ነቀላ፣ ይህን ያህል ሙሌት፣ ይህን ያህል የሥር ሕክምና፣ ይህን ያህል ሰው ሠራሽ ጥርስ። ያላሟላ አይመረቅም። ስለዚህ ታካሚ በሩን ሲገባ ተማሪው፣ ሳይታወቀውም ቢሆን፣ የሚያየው ጉድለቱን የሚሞላለትን ጥርስ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም። ትምህርት ቤቱ የቆጠረውን ተማሪውም ይቆጥራል። "የ50 ታካሚዎችን ምላስ ከሥሩ እስከ ጫፉ አይቻለሁ፣ አንገታቸውንም ዳስሻለሁ" የሚል ቁጥር የሚጠየቅበት መዝገብ ቢኖር፣ በአንድ መንፈቅ ውስጥ የማየት ልማዱ በተለወጠ ነበር።

ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው፤ ረጅም የሚመስለው ላልሞከረው ብቻ ነውና። ታካሚው ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው ያወልቃል። መጀመሪያ ፊቱ ይታያል፤ አንዱ ጎን ካበጠ ፊት ለፊት ሲያዩት ይለያል። ከዚያ ከንፈር፣ በውጭም ተገልብጦ በውስጥም። ቀጥሎ ጉንጭ በሁለት መስታወት ተወጥሮ ከከንፈር ጥግ እስከ መንጋጋው ማብቂያ። ከዚያ ድዱ፣ በጉንጭ በኩልም በምላስ በኩልም። "አባባ፣ ምላስዎን ያውጡልኝ" ይባላል። የምላሱ ጫፍ በደረቅ ጎዝ ይያዛል፤ ያለ ጎዝ ይሾልካል። ወደ ቀኝ ይሳባል፣ የግራው ጠርዝ እስከ ኋለኛው ሥር ድረስ ይገለጣል። ከዚያ ወደ ግራ። ስህተት የሚበዛው እዚህ ጋ ነው፤ ታካሚው ምላሱን ቀጥ አድርጎ ሲያወጣ ተማሪው ያየ ይመስለዋል፣ የኋለኛው ጠርዝ ግን በመንጋጋ ጥርሶቹ ተከልሎ ይቀራል። ቀጥሎ ምላስ ወደ ላንቃ ይነሣል፣ ምራቅ የሚጠራቀምበት የአፍ ወለል በጎዝ ይደርቅና ይታያል። ካልደረቀ ቀይ ቦታ በምራቁ ውስጥ ይጠፋል። አንድ ጣት ከውስጥ፣ የሌላው እጅ ጣቶች ከአገጭ ስር ሆነው ወለሉ በመካከል ይዳሰሳል። ላንቃው ይታያል፣ ታካሚው "አ" ይላል። በመጨረሻ ሐኪሙ ከኋላ ቆሞ አንገቱን ከጆሮ ስር እስከ ትከሻ አጥንት ይዳስሳል፤ የሚያመው ንፍፊት ብዙ ጊዜ የኢንፌክሽን ነው፣ የማያመውና የጠጠረው ግን ያሳስባል።

እጁ የለመደ ሰው ይህን ሁሉ ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ከመስታወት፣ ከጎዝ፣ ከጓንትና ከመብራት በቀር የሚያስፈልገው ዕቃ የለም። በቀለም የሚነክሩ ፈሳሾችና ልዩ ብርሃን የሚያበሩ መሣሪያዎች በየጊዜው ገበያ ላይ ይወጣሉ፤ እስካሁን ግን የሠለጠነ ዓይንና ከተጠረጠረው ቦታ የሚወሰድ የሥጋ ናሙና የሚሠሩትን አልተኩም።

አፍን በዓይን መመርመር እንደሚጠቅም የሚቀርበው ትልቁ ማስረጃ የመጣው ከደቡብ ህንድ ነው። ትምባሆ፣ የቤቴል ቅጠል፣ የአሬካ ፍሬና ኖራ አንድ ላይ ተጠቅልለው በጉንጭ የሚያዙበት አገር ነው፤ የአፍ ካንሰር እዚያ ከወንዶች ዋና ዋና ካንሰሮች አንዱ ነው። በኬረላ ግዛት ትሪቫንድረም ከተማ የሚገኘው የካንሰር ማዕከል ከዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ጋር ሆኖ በ1996 ሰፊ ሙከራ ጀመረ። 13 የገጠር አስተዳደሮች በዕጣ ተከፈሉ። በሰባቱ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በየሦስት ዓመቱ አፋቸው እንዲታይ ተደረገ፤ በስድስቱ የተለመደው አገልግሎት ቀጠለ። በእያንዳንዱ ወገን ወደ 96,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነበር።

ቤት ለቤት እየዞሩ አፍ ያዩት እነማን ናቸው? ሐኪሞች አልነበሩም። ከዩኒቨርሲቲ በሌላ የትምህርት መስክ የተመረቁ፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ወጣቶች ናቸው። ሰውን አስቀምጠው፣ በብርሃን እየተረዱ አፉን በዓይናቸው ያያሉ። በሬንጋስዋሚ ሳንካራናራያናን የተመራው ቡድን ውጤቱን በ2005 ላንሴት መጽሔት ላይ አወጣ። ትምባሆ ወይም አልኮል ከሚጠቀሙት መካከል፣ አፋቸው በታየባቸው መንደሮች በአፍ ካንሰር የመሞት መጠን በ34 በመቶ ቀነሰ። በጠቅላላው ሕዝብ ላይ የታየው ልዩነት ግን ትንሽ ስለነበር በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ከዚህ የተነሳ ኤጀንሲው በ2023 ባወጣው የመከላከያ መጽሐፍ፣ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ሰዎችን አፍ በዓይን መመርመር ሞትን ሊቀንስ ይችላል ሲል በጥንቃቄ ደመደመ። በአሜሪካ የመከላከያ አገልግሎቶችን የሚገመግመው የባለሙያዎች ቡድን ደግሞ በ2013 ምልክት የሌላቸውን አዋቂዎች በሙሉ ለመመርመር ማስረጃው አልበቃኝም ብሏል። የሁለቱ አቋም የሚጋጭ ቢመስልም አይጋጭም፤ አንዱ የሚናገረው ስለሚያኝከው፣ ስለሚያጨሰውና ስለሚጠጣው ሰው ነው፣ ሌላው ስለ ሁሉም።

ከኬረላ የሚወሰደው ትምህርት ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚያሳፍርም የሚያበረታም ነው። ሕክምና ያልተማረ ወጣት በአጭር ሥልጠና ያገኘውን ዓይን፣ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ አፍ ላይ ያሳለፈ ተማሪ የሚያጣበት ምክንያት የለም። ወጣቶቹ የሄዱት አንድ ነገር ብቻ ፈልገው ነው። ተማሪው ግን ጥርስ ፍለጋ ገብቶ ሌላውን እግረ መንገዱን እንዲያይ ነው የሚጠበቅበት፤ እግረ መንገድ የሚታይ ነገር ደግሞ በቀላሉ ይታለፋል።

በዚያው ሙከራ ውስጥ ብዙ የማይወራበት ሌላ ቁጥር አለ። አጠራጣሪ ነገር ታይቶባቸው ወደ ሐኪም ይሂዱ ከተባሉት 5,145 ሰዎች የሄዱት 63 በመቶ ናቸው። በስሪላንካ በ1984 በታተመ ጥናት 34 የጤና ሠራተኞች በአንድ ዓመት ከ28,000 በላይ ሰዎች አፍ አይተው 1,220 ላኩ፤ ከእነዚህ የሄዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ። ኩባ በ1980ዎቹ ጥርስ ሐኪሞቿ ዕድሜው ከ15 በላይ የሆነውን ሁሉ በየዓመቱ እንዲያዩ አዘዘች። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ የሚገኘው የአፍ ካንሰር ድርሻ በ1983 ከነበረበት 24 በመቶ በ1989 ወደ 49 በመቶ አደገ፤ ትልቅ ድል ነው። ይሁን እንጂ የተላኩት ሰዎች ከሦስት አንድ እንኳ በማይሞላ ቁጥር ነበር የሚሄዱት።

ሰው ለምን ይቀራል? ስለማያመው። ትራንስፖርት ስለሚያስወጣው። የቀን ሥራው ስለሚቀርበት። "ካንሰር" የሚለው ቃል ስለሚያስደነግጠውም ነው፤ ወይም ደግሞ ቃሉ ተሸፋፍኖ ስለተነገረው ነገሩን አቅልሎ ያየዋል። ስለ ተማሪዎች ግንዛቤ የሚጠይቁ መጠይቆች ስለ ሲጋራና ስለ አልኮል ብዙ ይጠይቃሉ፤ "ያየኸውን ለታካሚው በምን ቃል ትነግረዋለህ? ወዴትስ፣ በማን በኩል ትልከዋለህ?" የሚለውን እምብዛም አይጠይቁም። አንድ ተማሪ ቀዩን ቦታ አይቶ "እስቲ ሌላ ቀን ሐኪም ያሳዩት" ብሎ ቢሸኘው፣ ጨርሶ ካለማየቱ የተለየ ውጤት ላያመጣ ይችላል።

የአነጋገርን ክብደት የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1923 መጀመሪያ ላይ የሥነ ልቦናው ሊቅ ሲግመንድ ፍሮይድ በላንቃው በስተቀኝ በኩል እብጠት አየ። ራሱ ሐኪም ነው፤ ሲጋራውንም እንደማይተው ያውቃል። ለወራት ለማንም ሳይናገር ቆየ። ሲታይም ነገሩን የጠረጠረው ወዳጁ ሐኪም ፌሊክስ ዶይች እውነቱን ሸሸገው፤ ነጭ ንጣፍ ነው ተባለ። በሚያዝያ የተደረገለት ቀዶ ሕክምና ጥድፊያና ጉድለት የበዛበት ነበር፤ ደም ሲፈስሰው ሊሞት ደርሶ ተረፈ። ሙሉው ቀዶ ሕክምና የተሠራለት በጥቅምት ነው። ከዚያ በኋላ በ16 ዓመት ውስጥ ከ30 በላይ ጊዜ በቢላዋ ስር አለፈ፣ አፉንና አፍንጫውን የሚለይ ሰው ሠራሽ ላንቃ እየተሸከመ ኖሮ በመስከረም 1939 ለንደን ውስጥ ሞተ። እውቀት በሞላበት በዚያ ቤት የጎደለው፣ አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ያየውን በግልጽ መናገር ነበር።

የተቃራኒው ምሳሌ ከፍሮይድ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ ይገኛል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ በ1893 በላንቃቸው ላይ ሻካራ ነገር ምላሳቸውን ነካቸው። ሐኪማቸው አየ፣ ናሙና ተወሰደ፣ በሳምንታት ውስጥ ሐምሌ 1 ቀን ኦናይዳ በምትባል መርከብ ላይ በድብቅ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ማደንዘዣውን የሰጠው ጥርስ ሐኪም ነበር፤ የተቆረጠውን ላንቃ በላስቲክ የሞላላቸውም እንዲሁ። ዕጢው ኋላ ላይ በቤተ ሙከራ ሲታይ በዝግታ የሚያድግ ዓይነት መሆኑ ታወቀ፤ ዕድላቸውም ሳይረዳቸው አልቀረም። ፕሬዚዳንቱ ሌላ 15 ዓመት ኖሩ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የበሽታው መልክ ከህንድ ይለያል። በ2016 በተደረገው ብሔራዊ የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ያህል ናቸው፤ ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ዝግ በሆኑ የሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ በሲጋራ ፓኬት ላይ ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲታተምም ደንግጓል። ነገር ግን "ታጨሳለህ?" ብሎ "አይ" የሚል መልስ ይዞ የሚያልፍ ተማሪ ብዙ ያመልጠዋል። ሱረት የሚስብ ሰው ራሱን አጫሽ ብሎ አይጠራም። በቆላማው አርብቶ አደር አካባቢ ትምባሆ የሚያኝኩ አሉ። ሺሻ ቤት የሚያመሸው ወጣትም "ሲጋራ አልነካም" ሲል እውነቱን ነው። አረቄም ሆነ ጠጅ በመጠኑም በድግግሞሹም መጠየቅ አለበት፦ በሳምንት ስንት ቀን? በአንድ ቀን ስንት መለኪያ?

ጫትም አለ። በ2016ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ጫት ብቻውን የአፍ ካንሰር ያመጣል ለማለት ማስረጃው አይበቃም፤ ይህን በልበ ሙሉነት የሚናገር ሐኪም ካለ ከማስረጃው ቀድሟል። የሚታወቀው ግን፣ በየመን የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ ጫት በሚያዝበት ጉንጭ በኩል ነጭ ንጣፍ የሚገኝባቸው ቃሚዎች ብዙ መሆናቸው ነው። ቃሚው በስኳር ያጅበዋል፣ ብዙ ጊዜ ከሲጋራ ጋር ይቅማል፣ ማታ ደግሞ መስበሪያ ብሎ ይጠጣል። ስለዚህ ተማሪው "በየትኛው ጉንጭህ ትቅማለህ?" ብሎ መጠየቅና በዚያው በኩል አንዴ ጨምሮ ማየት አለበት።

በሳውዲ አረቢያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከየመን ተሻግረው በሚገቡበት ጃዛን፣ ሻማ የሚባል ከኖራና ከአመድ ጋር የተቀላቀለ ትምባሆ በከንፈርና በድድ መሀል ይያዛል። አካባቢው በአገሪቱ የአፍ ካንሰር ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። በሱዳን ደግሞ ቱምባክ የሚባለው እርጥብ ትምባሆ በታችኛው ከንፈር ውስጥ ይቀመጣል፤ ካንሰር አምጪ ኬሚካሉ ከተለመዱት የትምባሆ ዓይነቶች እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። ከመተማ ማዶ ሠርቶ የተመለሰ፣ ወይም ከጃዛን የመጣ ወጣት ይህን ልማድ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጎንደር ላይ የሚማር የጥርስ ሕክምና ተማሪ የቱምባክን ስም ሳያውቅ ሊመረቅ አይገባውም።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። በከንፈር ላይ ቁስል የወጣበት ኢትዮጵያዊ "ምች መታኝ" ይላል፤ ዳማከሴ ይታሽበታል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፣ ቁስሉ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ይጠፋል። ለተማሪው ጠቃሚ የሆነው ምቹ ራሱ የጊዜ መለኪያ መሆኑ ነው። በሁለት ሳምንት ያልዳነ "ምች" ምች አይደለም። ስለታማ ጥርስ የላጠው ቁስልም ቢሆን ጥርሱ ከተስተካከለ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ መዳን አለበት፤ ካልዳነ ናሙና ይወሰዳል። በብሪታንያ ያለ በቂ ምክንያት ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል ወደ ካንሰር ክሊኒክ በፍጥነት ይላካል። እዚህ ግን ብዙ ታካሚ ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ወራት ስላለፉ ቀኑን የሚቆጥረው ሰው ያስፈልጋል። ታካሚው "መቼ እንደጀመረ አላስታውስም" ሲል ተማሪው "ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከትንሣኤስ?" ብሎ ቢጠይቀው ቀኑ ይገኛል።

በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በጎንደርና በመቐለ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሕክምና ይሰጣል። ከእነዚህ ቦታዎች የሚወጡት ሐኪሞች ወደ ክልል ሆስፒታል ሲመደቡ ብዙውን ጊዜ በአካባቢው ብቸኛው የአፍ ሐኪም ናቸው። ኢትዮጵያዊ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሲያመው ነው፤ ለምርመራ ብቻ የሚሄድ ጥቂት ነው። ይህ በሽታውን በጊዜ ለማግኘት ጥሩ አይመስልም። ነገር ግን የሚያመው ሰው አፉን ይከፍታል፣ ሲነቀልለት ደግሞ ተመልሶ እንዲመጣ ይቀጠራል። በሀብታም አገር "ሰው እንዴት ወደ ምርመራ ይምጣ?" የሚል ጭንቀት አለ። እዚህ ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ መብራቱ በርቶ፣ መስታወቱ ገብቷል።

ስለዚህ መለወጥ ያለበት ነገር ትንሽ ነው። በተማሪ ክሊኒክ ካርድ ላይ የጥርሶቹ ሥዕል ታትሟል። ከሱ አጠገብ የምላስ፣ የአፍ ወለል፣ የጉንጭና የላንቃ ሥዕል ይታተም፤ ሳይሞላ አስተማሪው አይፈርምበት። "ምንም የለም" ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ባዶ ከተተወው እጅግ ይለያል፤ የመጀመሪያው የታየ ነው። በተግባር ፈተና ውስጥ አንድ ጣቢያ ለምርመራው ይመደብ፣ ሌላው ደግሞ ለመናገር፦ ታካሚ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው "ካንሰር ነው እንዴ?" ብሎ ይጠይቅ፣ ተማሪውም "ገና አናውቅም፤ ግን ማወቅ አለብን፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ራሴ እጠብቅዎታለሁ" ብሎ ሲመልስ ነጥብ ያግኝ። ቀን፣ ሰዓትና የሚጠብቀው ሰው የተነገረው ታካሚ የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል።

መንጋጋ ጥርሱ የተነቀለለት ሰው በሳምንቱ ስፌቱን ለማስፈታት ይመለሳል። ያቺው ተማሪ ትቀበለዋለች። ቁስሉ ደርቋል፣ ክሩ በመቀስ ይቆረጣል፣ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ጎዙ ትሪው ላይ ነው። "ምላስዎን ያውጡልኝ፣ ወደ ቀኝ ልሳበው" ብትለው ምስር ክክ የምታህለዋ ቀይ ቦታ ከጥርሱ ጥላ ወጥታ በመብራቱ ስር ትታያለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ 14 ቀን መቁጠር ይቻላል።